ጀልባ በውሃ ግፊት ሲነዳ፤ ከቦርከና ዳር ያገኘሁት ትምህርት

ስለ ጀልባ የሚጽፍ ተማሪ ከጣና ዳር ወይም ከባሕር ጠረፍ የመጣ መሆን አለበት ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት በጨፋ ሮቢት ነው። የጨፋ ስም በሰው አፍ የሚነሣው በሣሩ፣ በከብቱና በመስኖ እርሻው እንጂ በጀልባ አይደለም። እኔም እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ ጀልባ የሚባል ነገር በዓይኔ አላየሁም ነበር። ይሁን እንጂ ባለፈው ክረምት ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ የሠራሁት አንድ ነገር፣ ጀልባ ለመባል ቢበቃም ባይበቃም፣ ብዙ አስተማረኝ፤ ሊያስከፍለኝ የነበረውም ዋጋ ከባድ ነበር። የዚህ መጽሔት አንባብያን፣ ይልቁንም ታናናሾቼ ተማሪዎች፣ ከእኔ ስሕተት እንዲማሩ በማሰብ ታሪኩን ሳልጨምርና ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

አገራችንን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። የቦርከና ወንዝ ከደሴ አካባቢ ተራሮች ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ይወርድና ወደ ጨፋ ሜዳ ይገባል። ሜዳው ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ውሃው ይተኛበታል፤ ቄጠማና ደንገልም ያበቅላል። በበጋ ወራት የአካባቢያችን ከብት ብቻ ሳይሆን ከአፋር በረሃ የሚመጣው ግመልና ከብት ሁሉ ከዚህ ሣር ይግጣል። ከዚያ በኋላ ቦርከና ጉዞውን ቀጥሎ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። በበጋ ሕፃን ልጅ ልብሱን ሰብስቦ የሚሻገረው ይህ ወንዝ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሲደርሱ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ድፍርስ ውሃው ግንድ ተሸክሞ ይወርዳል፤ ጎረቤትና ጎረቤት በማዶና በማዶ ቆመው በእጅ ምልክት ብቻ ይነጋገራሉ።

ካቻምና በነሐሴ ወር አያቴ በማዶ ባለችው አክስቴ ቤት ሳለች በጽኑ ታመመች። ድልድይ ወዳለበት ለመድረስ በጭቃ ውስጥ ረጅም መንገድ መዞር ያስፈልግ ነበር። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር አደረሷት፤ ውሃው ግን አላሳልፍ አለ። ሁለት ቀን ጠበቁ። በሦስተኛው ቀን ጎደል ሲል አራት የመኪና ከመነዳሪ ነፍተው ቃሬዛውን በላዩ ላይ አሰሩና ዋና የሚያውቁ ጎልማሶች ከፊትና ከኋላ ይዘው አሻገሯት። እኔ በዚህ ወገን ቆሜ፣ ያ ቃሬዛ በደራሽ ውሃ ላይ ሲዞር ስመለከት ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። አያቴ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነች። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ምነው አንድ ጀልባ በኖረን!» የሚል ሐሳብ ከልቤ አልወጣም።

ሐሳቡ መልክ የያዘው ግን በሽንኩርት ማሳ ውስጥ ነው። አጎቴ በበጋ ከቦርከና ውሃ እየሳበ ማሳውን የሚያጠጣበት በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ አለው። አንድ ቀን የውሃ መውጫውን ጎማ ይዤ እንድቆም አዘዘኝና ሞተሩን አስነሣ። ውሃው ከጎማው አፍ ፈንድቶ ሲወጣ፣ ጎማው እንደ እባብ ተወራጭቶ ወደ ኋላ ገፈተረኝና በጀርባዬ ሽንኩርቱ ላይ ዘረረኝ። አጎቴ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ውሃው ወደ ፊት ሲሄድ እኔን ለምን ወደ ኋላ እንደ ገፋኝ ሳስብ ዋልሁ።

በማግሥቱ የፊዚክስ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «ይህማ አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያስቀመጠው ሦስተኛው ሕግ ነው» አሉኝ። ይኸውም አንድ ነገር ሌላውን ሲገፋ፣ የተገፋው ነገር ገፊውን በእኩል ኃይልና በተቃራኒ አቅጣጫ መልሶ ይገፋዋል ማለት ነው። «ፓምፑ ውሃውን ይገፋል፤ ውሃውም ፓምፑን ይገፋል። አንተ ጎማውን ስለ ያዝህ ገፊው አንተ ሆንህ። መንኮራኩር ላይ ቆመህ ቢሆን ኖሮ ወደ ኋላ ትሄድ ነበር» ብለው አስረዱኝ። ከዚያም በዚሁ ሕግ የሚሄዱ ጀልባዎች በዓለም ላይ እንዳሉ ነገሩኝና በስልካቸው ላይ አንድ ፊልም አሳዩኝ። ጀልባው ከጠጠር በላይ እምብዛም ውሃ በሌለበት ወንዝ ላይ እንደ ወፍ ይበር ነበር።

የእነዚህን ጀልባዎች ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ይበልጥ ተደነቅሁ፤ ምክንያቱም ለዚህ ሥራ ስማቸው የሚጠራው ሰው ኑሯቸውን በባሕር ላይ ያደረጉ ሰው አልነበሩም። ዊልያም ሃሚልተን በኒውዚላንድ ደጋማ አገር በግ የሚያረቡ ገበሬና በገዛ እጃቸው መሣሪያ የሚሠሩ ባለሙያ ነበሩ። በአካባቢያቸው ያሉት ወንዞች ሰፊና ፈጣን ቢሆኑም ጥልቀት የላቸውም፤ አልጋቸውም ድንጋይ ነው። ተራ የሞተር ጀልባ ከሥሩ ፕሮፔለር የሚባል ተሽከርካሪ ምላስ ስላለው፣ በእንዲህ ያለ ወንዝ ሲገባ ምላሱ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ይሰበራል። ስለዚህ ሃሚልተን ምላሱን ከጀልባው ሆድ ውስጥ አስገብተው ፓምፕ አደረጉት። መጀመሪያ ውሃው ከጀልባው ሥር እንዲወጣ አድርገው ሞከሩ፤ ጀልባው በሰዓት 11 ማይል ያህል ብቻ ሄደ። ከዚያ የውሃውን መውጫ ከውሃው ወለል በላይ፣ በጀልባው ጀርባ ላይ ሲያደርጉት በሰዓት ወደ 17 ማይል ከፍ አለ። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ በእርሳቸው ዘዴ የተሠሩ ጀልባዎች በአሜሪካ የኮሎራዶን ወንዝ በታላቁ ገደል ውስጥ ሽቅብ ወጡት። እ.ኤ.አ. በ1977 የኤቨረስትን ተራራ ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር መጀመሪያ የወጡት ኤድመንድ ሂላሪ፣ በእንዲህ ያሉ ጀልባዎች ከቤንጋል ባሕር ወሽመጥ ተነሥተው የጋንጅስን ወንዝ ሽቅብ ተጓዙ።

በአገራችንም ወንዝ ጀልባን ምን ያህል እንደሚፈትን የሚያሳይ ታሪክ አለ። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተባሉ እንግሊዛዊ የጦር መኮንን የመሩት ቡድን የዓባይን ሸለቆ በጀልባ ወርዶ ነበር። ከኋላ ሞተር የሚታሰርባቸውን ጀልባዎችና በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎችን ተጠቀሙ። ከአባሎቻቸው አንዱ በውሃ ተወስዶ ሕይወቱ አለፈ። የሠለጠኑ ወታደሮች፣ በቂ መሣሪያ ይዘው እንኳ፣ የክረምት ውሃ የሚያስከፍለውን ከፍለዋል። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ቆም ብዬ ማሰብ ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ያሰብሁት ስለ ሞተሩ ብቻ ነበር።

አሁን የዚህ ዓይነት ጀልባ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚመራ ባጭሩ ላስረዳ። በጀልባው ሆድ በኩል ወንፊት ያለው የውሃ መግቢያ አለ። ሞተሩ ምላሱን ሲያሽከረክር ውሃው በመግቢያው ይሳብና በጠባብ አፍ በኩል ወደ ኋላ በኃይል ይወጣል፤ ጀልባውም ወደ ፊት ይሄዳል። ከዚያ አፍ ላይ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዞር አጭር ቱቦ ተገጥሟል። ነጂው መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞር ቱቦው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የሚወጣው ውሃ የጀልባውን ጀርባ ወደ ግራ ይገፋና አፍንጫው ወደ ቀኝ ይመለሳል። ወደ ኋላ ለመሄድ ሞተሩን በተቃራኒ ማሽከርከር አያስፈልግም። ከቱቦው ኋላ እንደ ባልዲ ያለ ክዳን ይወርድና የሚወጣውን ውሃ ወደ ፊትና ወደ ታች ይመልሰዋል። ክዳኑ ግማሽ ድረስ ብቻ ሲወርድ ወደ ፊት የሚገፋውና ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ይተካከላል፤ ጀልባውም ሞተሩ እየሠራ በአንድ ቦታ ይቆማል።

ለመኪና ነጂ እንግዳ የሚሆን አንድ ነገር ደግሞ አለ። መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ መሪው ወደ ቀኝ ቢዞር፣ የመኪናው ጀርባ ወደ ቀኝ፣ አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል። በዚህ ጀልባ ግን መሪው ወደ ቀኝ ከተዞረ፣ ወደ ፊት ቢሄድም ወደ ኋላ ቢሄድም አፍንጫው የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ነገር ግን ይህ ነው። ብዙ ጀልባና ትልቅ መርከብ በጀርባው የመሪ ሰሌዳ አለው። ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ጀልባው እስከ ሄደ ድረስ ውሃው ሰሌዳውን እየገፋ ጥቂት ይታዘዛል። በውሃ ግፊት የሚሄደው ጀልባ ግን የመሪ ሰሌዳ የለውም። መሪው የሚወጣው ውሃ ራሱ ነው። ውሃ ካልወጣ መሪ የለም። ይህን ዓረፍተ ነገር በደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ በቀይ እስክሪፕቶ አሰምሬበት ነበር፤ ለፈተናም ቢጠይቁኝ በትክክል እመልሰው ነበር። ነገር ግን በደብተር ላይ መጻፍና በሰውነት ማወቅ የተለያዩ ናቸው።

ክረምት ሲገባ የአጎቴ ፓምፕ ሥራ ፈታ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ተማክረን ወደ አጎቴ ሄድንና ሐሳባችንን ነገርነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሲያዳምጠን ቆየና «አንተ ልጅ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለኝ። እኔም «አጎቴ፣ ቦርከና ውስጥ አንገባም፤ ሜዳው ላይ በተኛው ውሃ ብቻ ነው የምንሞክረው» ብዬ ለመንሁት። በመጨረሻ ሦስት ነገሮችን ግዴታ አድርጎ ፈቀደ። አንደኛ፣ ጀልባው ዘወትር በረጅም ገመድ ታስሮ ገመዱን አንድ ሰው በዳር ቆሞ ይያዝ። ሁለተኛ፣ በላዩ የሚወጣ ሁሉ ክዳናቸው የጠበቀ ሁለት ባዶ ጀሪካኖች በጀርባው ይሰር። ሦስተኛ፣ ውሃው ከሰው ደረት በላይ ወደ ሆነበት እንዳንሄድ። እኔም በአላህ ስም ማልሁለት።

አራት ባዶ በርሜሎች ለምነን አገኘን። በባሕር ዛፍ አጣና እየደገፍን በገመድና በሽቦ አሰርናቸው፤ በላዩም ሳንቃ ረበረብንበት። ፓምፑን በመካከል አስቀመጥነው። መምጠጫው ቱቦ ወንፊቱን ይዞ በበርሜሎቹ መካከል ወደ ውሃው ወረደ፤ የውሃ መውጫውን ግን አጭር የብረት ቱቦ ገጥመንለት በኋላ በኩል በአንድ ችካል ላይ እንዲዞር አደረግነው። ከቱቦው ጋር ያሰርነው ዱላ መሪያችን ሆነ።

ሥራው ሲያልቅ መምህራችን መጥተው አዩት። «ኃይሉን አስባችሁታል?» ብለው ጠየቁን። አላሰብነውም ነበር። በማግሥቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አብረን ሠራነው። በፓምፑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ በደቂቃ እስከ 1000 ሊትር ውሃ እንደሚሰጥ ይናገራል። ይህም በሴኮንድ 17 ኪሎግራም ያህል ነው። የቱቦው አፍ ሦስት ኢንች ስለ ሆነ ውሃው የሚወጣው በሴኮንድ ከ4 ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው። ሁለቱ ሲባዙ ወደ 60 ኒውተን ይመጣል። መምህራችን ጠመኔውን አስቀመጡና «ይህ የስድስት ኪሎ ጤፍ ክብደት ያህል ግፊት ነው፤ ያውም ፓምፑ እንደ ተጻፈበት ቢሠራ ነው። እንግዲህ ቦርከና ግንድ ተሸክሞ ሲወርድ በስድስት ኪሎ ግፊት ትከላከሉታላችሁን?» አሉን። ሁላችንም ዝም አልን። እኔ በልቤ አያቴን በዚህ ጀልባ አሻግራለሁ የሚለውን ሕልሜን ያን ዕለት ቀበርሁት። ቢሆንም ጀልባው ሲሄድ ለማየት ያለኝ ጉጉት አልቀነሰም።

የሙከራው ቀን ቅዳሜ ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ዘንቦ ጧት አባርቷል። በሜዳው ላይ የተኛው ውሃ ከወገብ እስከ ደረት ይደርስ ነበር፤ በአንድ ወገን ግን ወደ ወንዙ ቀስ እያለ ይፈስ ነበር። የአሥር ዓመት ወንድሜ ካልወሰዳችሁኝ ብሎ ስላለቀሰ፣ ጀሪካኖቹን በጀርባው አስሬለት ከፊት አስቀመጥሁት። አንዱ ጓደኛዬ ገመዱን ይዞ በዳር ቆመ፤ ሌላው ሣርና ቄጠማ መምጠጫውን እንዳይዘጋው ይጠብቅ ነበር። ሞተሩን አስነሣሁ። ውሃው ከኋላችን ፈነዳ። ጀልባው መጀመሪያ እንደ ሰነፍ በሬ ቆመ፤ ከዚያ ሄደ! ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ ያነሰ ቢሆንም በገዛ ራሱ ሄደ። ዱላውን ወደዚህ ስል ወደዚያ ይዞራል፤ ወደዚያ ስል ወደዚህ ይመለሳል። በዳር የተሰበሰቡት ሕፃናት እልል አሉ። እኔም ሃሚልተንን የሆንሁ መሰለኝ።

ሦስት ጊዜ ዞርን። ሁለት ጊዜ ቄጠማ ወንፊቱን ዘጋውና ሞተሩን አጥፍተን በእጃችን አጸዳነው። በአራተኛው ዙር ወንድሜ «ጀሪካኑ ጀርባዬን ቆረጠኝ» አለኝ። አጎቴ በቦታው አልነበረም። «እንግዲህ ፍታው» አልሁት። ይህን ቃል የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልገፋፋኝም።

ውሃው ወደ ወንዙ በሚፈስበት ወገን አንድ የወደቀ ግራር ነበር። እሾሃማ ቅርንጫፎቹ ከውሃው በላይ ወጥተዋል። ወደ እርሱ ስንቀርብ አየሁትና ዱላውን አዞርሁ፤ የጀልባው አፍንጫ ወደ ቀኝ መመለስ ጀመረ። ጥቂት ብታገሥ ኖሮ እናልፈው ነበር። ነገር ግን እሾሁ እየቀረበ ሲመጣ ፍርሃት ያዘኝ። የፈራ ሰው ደግሞ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ማቆም። ነዳጅ መስጫውን ዘጋሁት። ውሃው መውጣቱን አቆመ። ዱላውን ወደ ቀኝም ወደ ግራም ባወራጨው ምንም ለውጥ የለም፤ ባዶ ቱቦ ብቻ ይዤ ነበር። ጀልባው በነበረው ጉዞና በሚፈሰው ውሃ ተገፍቶ ጎኑን ሰጥቶ ከግራሩ ላይ ተላተመ። ወንድሜ ወደ ፊት ተወርውሮ በቅርንጫፎቹ መካከል ወደቀና ከዓይኔ ተሰወረ።

እንዴት እንደ ዘለልሁ አላስታውስም። ውሃው እስከ ደረቴ ነበር፤ ለእርሱ ግን ከራሱ በላይ ነበር። በእጄ ስዳብስ ሸሚዙን አገኘሁ፤ ነገር ግን ከእሾሁ ጋር ተይዟል። ጀልባውም በውሃው እየተገፋ በላያችን ይመጣ ነበር። በዚህ ጊዜ በዳር ያለው ጓደኛዬ ገመዱን በሙሉ ጉልበቱ ሳበና ጀልባውን ከእኛ ላይ አራቀው። ሸሚዙ ተቀደደ፤ ወንድሜም ወጣ። ለጥቂት ጊዜ አልተነፈሰም። ከዚያ አስሎ ውሃውን ተፋና አለቀሰ። የእርሱን ለቅሶ ስሰማ ያደረብኝን ደስታ በጽሑፍ ልገልጸው አልችልም። ግንባሩ ግን በእሾህ ተቀድዶ ደሙ በፊቱ ላይ ይወርድ ነበር።

እስካሁን የተናገርሁት የእጄን ስሕተት ነው። አሁን የምናገረው የምላሴን ስሕተት ነው። ወደ ቤት ስንሄድ ወንድሜን «ከዛፍ ወደቅሁ በል» አልሁት። ለእናቴም እኔው እንዲህ ብዬ ነገርኋት። እርሷም አመነችኝ፤ ቁስሉን አጥባ አሰረችለት፤ «አብሽር ልጄ» እያለች አስተኛችው። እርሱ አንድም ቃል ሳይናገር ወደ እኔ ይመለከት ነበር። ሌሊቱን ሁሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሁለተኛውም ሌሊት እንደዚሁ ሆነ። በሦስተኛው ሌሊት ወንድሜ በእንቅልፍ ልቡ ሲጮህ ሰማሁና ተነሥቼ እናቴን ቀሰቀስኋት፤ ሁሉንም ነገርኋት።

አልመታችኝም። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ በሕይወት አለ» አለች። ቆየት ብላም «ግንባሩ ይድናል። አንተን ግን ከእንግዲህ ስትነግረኝ እንዴት አድርጌ ልመንህ?» አለችኝ። ዱላ ቢሆን ኖሮ እስከ ጧት ይረሳ ነበር፤ ይህ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተረሳኝም።

ለአጎቴና ለመምህራችንም እንደዚሁ ተናገርሁ። አጎቴ ፓምፑን ነቅሎ ሊወስድ ተነሣ። መምህራችን ግን «ስሕተቱን ካልመረመረው በሌላ ቦታ ይደግመዋል» ብለው ለመኑልኝ። ወደ እኔም ዞረው «ሞተሩን በዘጋህ ጊዜ ምን ዘጋህ?» ብለው ጠየቁኝ። «ጉዞውን» አልሁ። «ጉዞውን አልዘጋህም፤ ጀልባው ሄዶ ከግራሩ ጋር ተጋጭቷል። የዘጋኸው መሪውን ነው» አሉኝ። በደብተሬ ላይ በቀይ ያሰመርሁበት ዓረፍተ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። በእንዲህ ያለ ጀልባ ላይ አደጋ ሲያይ ነዳጅ መዝጋት የጀማሪ ሁሉ ስሕተት መሆኑንም ነገሩኝ። የሠለጠነ ነጂ አስቀድሞ አሻግሮ ያያል፤ ቀደም ብሎ ይዞራል፤ መዞር ባለበት ጊዜም የውሃውን ግፊት አይቆርጥም። ማቆም ሲፈልግ ሞተሩን አያጠፋም፤ ክዳኑን አውርዶ ግፊቱን ወደ ፊት ይመልሰዋል። ነጭ አረፋ ካለበት ውሃም ይጠነቀቃል፤ ምክንያቱም በመግቢያው አየር ከገባ ግፊቱ ይደክማል፤ ግፊቱ ሲደክም መሪውም ይደክማል።

ስለዚህ ለጀልባችን ክዳን ሠራንለት። አንድ ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቀን፣ ግማሹን ከቱቦው አፍ ኋላ በማጠፊያ ሰቀልነውና በገመድ እንዲወርድና እንዲወጣ አደረግነው። ሲወርድ ውሃው ተመልሶ ወደ ፊት ይረጫል። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ውሃው ከጎደለ በኋላ፣ አጎቴም መምህራችንም ባሉበት እንደገና ሞከርን። እናቴም መጣች። ገመዱን ከጓደኛዬ እጅ ተቀብላ በወገቧ ዞሮ እንዲያልፍ አድርጋ ያዘችውና «እንግዲህ ሂድ» አለችኝ። ወንድሜ ከአጠገቧ ቆሞ ነበር፤ እኔም ጀሪካኖቹን በጀርባዬ አስሬ ነበር።

ወደዚያው ግራር አቀናሁ። እሾሁን ሳይ እጄ ራሱ ወደ ነዳጅ መስጫው ሄደ። መለስሁት። ነዳጁን እንዳለ ትቼ ዱላውን አዞርሁ። ጀልባው በዝግታ፣ በጣም በዝግታ፣ አፍንጫውን መለሰና ግራሩን በሁለት ክንድ ርቀት አለፈው። ከዚያ ክዳኑን አወረድሁ፤ ጀልባው ቆመ። ሞተሩ እየሠራ፣ ውሃው እየፈላ፣ እኔ በአንድ ቦታ ቆሜ ነበር። ከዚያም ዱላውን ብቻ እያዞርሁ ወደ ቀኝና ወደ ግራ በቆምሁበት ተሽከረከርሁ። ሕፃናቱ እንደ መጀመሪያው ቀን እልል አሉ፤ እኔ ግን የማየው የእናቴን እጅ ነበር። ገመዱን አላላችውም።

ጀልባችን ዛሬ የለም። መስኖ ሲጀመር ፓምፑ ወደ ማሳው ተመለሰ፤ በርሜሎቹም ለባለቤቶቻቸው ተሰጡ። በቦርከና ላይ ማንንም አላሻገረም፤ ሊያሻግርም አይችልም ነበር። ወንዙን በክረምት ለመሻገር የሚያስፈልገው ስድስት ኪሎ ግፊት ያለው የልጆች ሥራ ሳይሆን ጥሩ ድልድይ ነው። ምናልባት ከእኛ መካከል አንዱ መሐንዲስ ሆኖ ይሠራው ይሆናል። እኔም ለዚህ ተስፋ አለኝ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እኔ ከዚህ ነገር ሦስት ትምህርት አግኝቻለሁ። አንደኛው፣ አንድን ነገር ከመሞከር በፊት በቁጥር ማስላት እንደሚገባ ነው፤ አንድ ገጽ ስሌት ከቦርከና አድኖናል። ሁለተኛው፣ ታላላቆች የሚሰጡት ጥንቃቄ የሚጎረብጠው አደጋው እስኪመጣ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው፤ ጀሪካኑን ያስፈታሁት እኔ ነኝ፤ ወንድሜን ያዳነው ግን አጎቴ ያዘዘው ገመድ ነው። ሦስተኛው፣ ሰው በፈራ ጊዜ እጁን ከሥራው ማንሣቱ ከአደጋ እንደማያወጣው ነው። ጀልባው ነዳጅ ስለ ተዘጋ አይቆምም፤ ነገርም ስለ ተደበቀ አይጠፋም። ሁለቱም ወደ ግራሩ ይሄዳሉ።

የወንድሜ ግንባር ድኗል፤ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ሰዎች ምን ሆኖ እንደሆነ ሲጠይቁት «ከጀልባ ወድቄ ነው» ይላል። በጨፋ ሮቢት ይህን የሚሰማ ሰው ሁሉ የሚቀልድ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን እውነቱን ነው የሚናገረው።